ሰርጎ ገብን ማየትና መመከት፦ የግል ኔትወርክን ለመጠበቅ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ፋየርዎል ከተተከለና የይለፍ ቃሎች ከጠነከሩ በኋላ የኔትወርክ ጥበቃ ሥራ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ተራ ፋየርዎል ግን በዋናነት የሚመለከተው ፍሰቱ ከየት ወደ የት፣ በየትኛው ፖርት (የአገልግሎት በር ቁጥር) እንደሚሄድ ነው። በተፈቀደ መንገድ የሚመጣ ጥቃትን አይጠረጥርም። አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የደረሰውን ፋይል ሲከፍት የሚጀምር ጥቃት ማንኛውንም የድረ ገጽ ጉብኝት መስሎ ከውስጥ ወደ ውጭ ያልፋል። ሰርጎ ገቡ አንድ ኮምፒውተር ከያዘ በኋላ ከጎረቤት ኮምፒውተሮች ጋር የሚያደርገው ግንኙነት ደግሞ ኮምፒውተሮቹን በሚያገናኘው ስዊች ውስጥ ስለሚያልቅ ፋየርዎሉ ዘንድ ጭራሽ አይደርስም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሚያገለግሉት የሰርጎ ገብ መከታተያና የሰርጎ ገብ መከላከያ ሥርዓቶች ናቸው። በባለሙያዎች ዘንድ አይዲኤስ እና አይፒኤስ በሚሉ አጫጭር ስሞች ይታወቃሉ። ሥርዓቱን መትከል ከባድ አይደለም፤ አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ማስተዳደር የሚችል ሰው በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ከባዱ ሥራ ኔትወርኩን ማወቅና ማንቂያውን ማንበብ ነው። ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት በ2013 መጨረሻ ወደ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ የደንበኞች የባንክ ካርድ መረጃ ሲዘረፍ ዘመናዊ መከታተያ ነበረው። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ለድርጅቱ የማቀዝቀዣ አገልግሎት በሚሰጥ ተቋራጭ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ነበር። መከታተያው ማንቂያ ሰጥቷል፤ በጊዜው እርምጃ የወሰደ ግን አልነበረም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ከተከላው ይልቅ ከተከላው በፊትና በኋላ ባለው ሥራ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መከታተል እና መከላከል

መከታተያው የፍሰቱን ቅጂ እየተቀበለ ይመረምራል። አጠራጣሪ ነገር ሲያይ ማንቂያ ይሰጣል፤ ዋናውን ፍሰት ግን አይነካም። መከላከያው በፍሰቱ መሐል ይቀመጣል። እያንዳንዱ ፓኬት (የፍሰቱ ቁራጭ) በእሱ በኩል ስለሚያልፍ የጠረጠረውን ጥሎ ማስቀረት ይችላል። መከታተያ ሲሳሳት የሰው ጊዜ ይባክናል፤ መከላከያ ሲሳሳት ሥራ ይቆማል። ያንኑ ሶፍትዌር ለሁለቱም መጠቀም ስለሚቻል በመከታተያነት ይጀምሩ፤ ወደ መከላከያነት የሚሸጋገሩበት ጊዜ በኋላ ይመጣል።

ጥቃትን የመለያ መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የታወቀ ጥቃት ፊርማ፣ ማለትም በፍሰቱ ውስጥ የሚታይ መለያ ምልክቱን፣ መፈለግ ነው። ይህ ፈጣንና ግልጽ ነው፤ ከዚህ በፊት ያልታየ ጥቃት ግን ያመልጠዋል። ሁለተኛው የተለመደውን ባሕርይ አጥንቶ ከዚያ ያፈነገጠውን መለየት ሲሆን፣ ሐሳቡ የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ዶሮቲ ዴኒንግ በ1987 ካሳተመችው ሞዴል ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ሦስተኛው ፍሰቱ የፕሮቶኮሉን ሕግ ተከትሎ መሄዱን መመርመር ነው። ዛሬ ያሉት ጥሩ ሥርዓቶች ሦስቱንም በተለያየ መጠን ያጣምራሉ።

መጀመሪያ ኔትወርክዎን በወረቀት ላይ ያስፍሩ

ምንም ሶፍትዌር ከማውረድዎ በፊት የሚሠሩት ይህን ነው። የሚጠቀሙባቸውን የአድራሻ ክልሎች ይጻፉ። አብዛኛው የግል ኔትወርክ በ1996 በወጣው አርኤፍሲ 1918 በተባለው ሰነድ ለግል አገልግሎት ከተመደቡት ሦስት ክልሎች በአንዱ ውስጥ ነው፤ እነሱም በ10 የሚጀምሩት በሙሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት እና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። በእያንዳንዱ ንዑስ ኔትወርክ ውስጥ ምን እንዳለ ይመዝግቡ፤ ሰርቨሮች፣ የሠራተኞች ኮምፒውተሮች፣ ማተሚያዎች፣ የጥበቃ ካሜራዎች፣ የእንግዶች ዋይፋይ። ካሜራና ማተሚያ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ለዓመታት ሳይዘመኑ ስለሚቆዩ ግን ለሰርጎ ገብ ምቹ መደበቂያ ናቸው።

ቀጥሎ ማን ከማን ጋር መነጋገር እንዳለበት ይጻፉ። ማተሚያ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት ምክንያት አለው? የአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ከሌላ ሠራተኛ ኮምፒውተር ጋር ፋይል መለዋወጥ ይኖርበታል ወይስ ሁሉም በፋይል ሰርቨሩ በኩል ነው? የዳታቤዝ ሰርቨሩን በቀጥታ ማግኘት ያለባቸው የትኞቹ ማሽኖች ናቸው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በኋላ የራስዎን ደንብ (መከታተያው መቼ ማንቂያ እንደሚሰጥ የሚወስን መመሪያ) ለመጻፍ መነሻ ይሆናል። ሰው በቃል የሚነግርዎትንም በፍሰት መዝገብ ያመሳክሩ። ራውተርዎ ወይም ስዊችዎ የግንኙነት ማጠቃለያ መመዝገብ ከቻለ ቢያንስ የሁለት ሳምንት መዝገብ ይሰብስቡ፤ የወር መጨረሻን ሥራ ቢጨምር ይመረጣል፤ ምክንያቱም የሒሳብ መዝጊያና የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራዎች የሚፈጥሩት ፍሰት ከሌላው ቀን በእጅጉ ይለያል። አይፒ ስሪት 6 (አዲሱ የአድራሻ ሥርዓት) በኔትወርክዎ ላይ መኖር አለመኖሩንም ያጣሩ። ዘመናዊ ኮምፒውተሮች ማንም ሳያዝዛቸው ያስነሱታል፤ እርስዎ ስሪት 4ን ብቻ ሲከታተሉ በጎን የሚያልፍ ፍሰት ሊኖር ይችላል።

የመከታተያው ቦታ

የብዙ ተከላዎች ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። መከታተያው ያልደረሰውን ፍሰት ሊመረምር አይችልም።

የመጀመሪያው ዳሳሽ (ቅጂውን ተቀብሎ መከታተያውን የሚያሠራው ማሽን) ከፋየርዎሉ ውጭ ሳይሆን ከውስጥ በኩል ይቀመጥ። ከውጭ በኩል ያለ ዳሳሽ ሌት ተቀን ከመላው ዓለም የሚመጣውን፣ ክፍት በር የሚፈልግ ቅኝት ሁሉ ይቆጥራል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ፋየርዎሉ የሚጥለው ስለሆነ ምንም የሚያስተምረው የለም። ሌላም ምክንያት አለ። ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ የውስጥ አድራሻዎችን ወደ አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚቀይር ከዚያ በኋላ የተቀመጠ ዳሳሽ ማንቂያ ሲሰጥ የሚያሳየው ያንን አንድ አድራሻ ነው። ከመቶ ኮምፒውተሮች የትኛው እንደተበከለ ለማወቅ ሌላ ፍለጋ ሊጀምሩ ነው ማለት ነው። አድራሻው ከመቀየሩ በፊት ባለው ቦታ ላይ ካስቀመጡት ግን ማንቂያው ራሱ ኮምፒውተሩን ይነግርዎታል።

ሁለተኛው ዳሳሽ የሰርቨሮቹ ክፍል መግቢያ ላይ ይሁን። ከሠራተኞች ኮምፒውተር ወደ ሰርቨር የሚሄደው ፍሰት የሚታየው እዚያ ነው። አቅም የሚፈቅደው ለአንድ ዳሳሽ ብቻ ከሆነና ሁለቱም ፍሰቶች በአንድ ዋና ስዊች የሚያልፉ ከሆነ ከዚያ ስዊች ሁለቱንም መቅዳት ይቻላል።

ቅጂውን ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የስዊቹን የመስታወት ፖርት መጠቀም ነው፤ ስዊቹ ከመረጡት ፖርት የሚገባውንና የሚወጣውን ወደ ሌላ ፖርት እንዲቀዳ ያዝዙታል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ገደቡን ግን ይወቁ። 1 ጊጋቢት የሚባለው መስመር በሰከንድ 1 ጊጋቢት ወደ ውስጥ፣ 1 ጊጋቢት ወደ ውጭ ማሳለፍ ይችላል። የሁለቱ ድምር ቅጂ 1 ጊጋቢት ብቻ በሚያወጣ የመስታወት ፖርት ላይ አይበቃም፤ ስዊቹ ትርፉን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ኔትወርኩ በተጨናነቀ ሰዓት ዳሳሽዎ በከፊል ታውሯል ማለት ነው። ሁለተኛው መንገድ ታፕ የሚባለውን መቅጃ መሣሪያ በመስመሩ ላይ መግጠም ነው። ዋጋ ያስወጣል፤ ነገር ግን ሁለቱን አቅጣጫዎች ለየብቻ ስለሚሰጥ አያጎድልም። መስመርዎ ከግማሽ በላይ የማይሞላ ከሆነ በመስታወት ፖርት ይጀምሩ።

ዳሳሹ ቢያንስ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ይኑረው። ቅጂውን የሚቀበለው ካርድ ምንም አይፒ አድራሻ አይሰጠው፤ የሚያዳምጥ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ካርድ ለአስተዳደር ብቻ በተለየ ንዑስ ኔትወርክ ላይ ይገናኝ።

ሶፍትዌር መምረጥ

ነፃ ከሆኑት መካከል ሦስቱ በዓለም ዙሪያ በሰፊው ይሠራባቸዋል። ስኖርት በ1998 በማርቲን ሮሽ የተጀመረ ሲሆን ዛሬ ሲስኮ በተባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ሥር ነው። ሱሪካታ በ2010 የመጀመሪያ ሙሉ ስሪቱን ያወጣ፣ ከመነሻው የብዙ ፕሮሰሰሮችን አቅም በአንድ ጊዜ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራ ነው። ዚክ ደግሞ ቨርን ፓክሰን በ1995 የጀመረው፣ እስከ 2018 ብሮ ይባል የነበረ ሥርዓት ነው። ዚክ ከሁለቱ በዓይነቱ ይለያል። ማንቂያ ከመስጠት ይልቅ በኔትወርኩ ላይ የሆነውን ሁሉ በንጹሕ መዝገብ ያስቀምጣል፤ የትኛው ማሽን ምን ስም ጠየቀ፣ ከማን ጋር ለምን ያህል ጊዜ ተገናኘ፣ ስንት ባይት ላከ።

የእኔ ምክር ሱሪካታን ለማንቂያ፣ ዚክን ለመዝገብ አብሮ መትከል ነው። ማንቂያ ብቻውን ጥያቄ ያስነሳል፤ መልሱ የሚገኘው በመዝገቡ ውስጥ ነው። ሁለቱንም ከመዝገብ ማሳያው ጋር አንድ ላይ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ሴኪዩሪቲ ኦኒየን የተባለ ነፃ ስብስብ ስላለ እያንዳንዱን ለየብቻ ለማቀናበር ጊዜ የሌለው ሰው ከዚያ ይጀምር። በሰርቨሮቹ ላይ የፋይል ለውጥንና የመግባት ሙከራን የሚከታተል እንደ ዋዙህ ያለ ሶፍትዌር ቢጨመር የኔትወርኩ ዳሳሽ የማያየውን ያሟላል።

ተከላውና ቅንብሩ

ከዚህ በታች ያለው በሱሪካታ ላይ የተመሠረተ ነው። ከሊኑክስ ስርጭትዎ ማከማቻ ወይም ከአዘጋጆቹ ማከማቻ ከጫኑት በኋላ ሳይዘሉ ማስተካከል ያለብዎት የሚከተሉትን ነው።

በቅንብር ፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ የቤት ኔትወርክዎንና የውጭ ኔትወርክን የሚገልጹ ሁለት ተለዋዋጮች ያገኛሉ። ሲመጣ የቤት ኔትወርክ የተባለው ሦስቱን የግል አድራሻ ክልሎች በሙሉ ይይዛል፤ የውጭ ኔትወርክ የተባለው ደግሞ ቤት ያልሆነ ሁሉ ነው። ይህ ምክንያታዊ ይመስላል፤ የሚያስከትለውን ግን ልብ ይበሉ። አብዛኞቹ የጥቃት ደንቦች የተጻፉት ከውጭ ወደ ቤት የሚመጣን ፍሰት እንዲይዙ ነው። በውስጥ ያለ የተበከለ ኮምፒውተር የውስጥ ሰርቨርን ሲያጠቃ ሁለቱም ቤት ተብለው ስለተመዘገቡ ደንቡ አይነሳም። በግል ኔትወርክ ላይ ሊያዩ የፈለጉት ዋነኛ ነገር በዚህ አንድ መስመር ምክንያት ያመልጥዎታል። መፍትሔው በሰርቨሮች ክፍል ባለው ዳሳሽ ላይ የቤት ኔትወርኩን የሰርቨሮቹ ንዑስ ኔትወርክ ብቻ አድርጎ መወሰን ነው። ያን ጊዜ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች እንደ ውጭ ይቆጠራሉ፤ ደንቦቹም ይሠራሉ። በኢንተርኔት መውጫው ላይ ባለው ዳሳሽ ግን የቤት ኔትወርኩ እርስዎ በትክክል የሚጠቀሙባቸው ክልሎች በሙሉ ይሁኑ።

ቀጥሎ የኔትወርክ ካርዱ ፓኬቶችን እያጣመረ ለኮምፒውተሩ እንዲያቀርብ የሚያደርጉትን የፍጥነት ማሻሻያዎች ያጥፉ። ለተራ ሰርቨር ይጠቅማሉ፤ ዳሳሽ ግን ፓኬቶችን በመስመሩ ላይ በነበሩበት ቅርጽ ማየት ይኖርበታል። ቶማስ ፕታቼክና ቲሞቲ ኒውሻም በ1998 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት አጥቂ ፓኬቶችን ቆራርጦና አደራርቦ በመላክ መከታተያው አንድ ነገር፣ ተቀባዩ ማሽን ሌላ ነገር እንዲያነቡ ማድረግ ይችላል። በሱሪካታ ቅንብር ውስጥ የትኛው አድራሻ በዊንዶውስ፣ የትኛው በሊኑክስ እንደሚሠራ የሚገልጹበት ክፍል ያለው ለዚሁ ነው፤ ይሙሉት።

ሰዓት ሌላው ጉዳይ ነው። ዳሳሹ፣ ሰርቨሮቹ፣ ፋየርዎሉና ስዊቾቹ ሁሉ ከአንድ የሰዓት ሰርቨር ጋር ይስተካከሉ፤ መዝገቦቹም በአንድ የሰዓት ክልል ይጻፉ። በሦስት ደቂቃ የሚለያዩ ሁለት መዝገቦችን ማመሳከር አሰልቺም አሳሳችም ነው።

ከዚያ ደንቦቹን ያውርዱ። ኢመርጂንግ ትሬትስ የተባለው ነፃ ስብስብ ለመነሻ በቂ ነው፤ ከሱሪካታ ጋር የሚመጣው ማዘመኛ በየቀኑ እንዲያወርድ ያዝዙት። አንድን ደንብ ማጥፋት ወይም መለወጥ ሲፈልጉ የወረደውን ፋይል በእጅ አይነኩ፤ በሚቀጥለው ዝማኔ ይጠፋል። ለውጡን በማዘመኛው የራሱ ዝርዝር ውስጥ ይጻፉ።

ሁሉም ከተነሳ በኋላ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ደንቦቹ መሥራታቸው ነው። በሊኑክስ የተጠቃሚ ማንነት የሚያሳየው ትዕዛዝ (id) ለዋናው አስተዳዳሪ የሚሰጠውን የአንድ መስመር መልስ በጽሑፍ ፋይል ያስቀምጡ፤ ፋይሉን ከዳሳሹ ማዶ ባለ ያልተመሰጠረ የድረ ገጽ ሰርቨር ላይ ያድርጉና ከወዲህ በኩል ካለ ኮምፒውተር ይክፈቱት። ቁጥሩ 2100498 የሆነው ደንብ ማንቂያ መስጠት አለበት። ካልሰጠ ቅጂው ዳሳሹ ዘንድ አልደረሰም፣ ወይም ደንቦቹ አልተጫኑም፣ ወይም ፍሰቱ ተመስጥሯል። ሁለተኛው የጎደለ ፓኬት ቆጣሪ ነው። በስታቲስቲክስ መዝገቡ ውስጥ ካፕቸር ከርነል ድሮፕስ (capture.kernel_drops) የሚለውን ይመልከቱ። ቁጥሩ ያለማቋረጥ ከጨመረ የማሽኑ አቅም አልበቃም፤ ፕሮሰሰር ይጨምሩ፣ ወይም ይዘቱ የማይነበብ ትልልቅ ፍሰትን፣ ለምሳሌ የሌሊቱን የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ከምርመራ ውጭ ያድርጉ። የመስታወት ፖርቱ ራሱ የሚጥለው ግን በዚህ ቆጣሪ ውስጥ አይታይም፤ ያንን ከስዊቹ ቆጣሪ ይፈልጉ።

ጫጫታውን መቀነስ

በመጀመሪያው ሳምንት የማንቂያ ጎርፍ ይመጣል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው፤ ብዙ ተከላዎችም የሚሞቱት እዚህ ነው። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በቁጥር ማየት ይረዳል። በቀን 1 ሚሊዮን ግንኙነት የሚያልፍበት ኔትወርክ አለ እንበል፤ ከዚያ ውስጥ 10ሩ ብቻ የእውነት ጥቃት ናቸው። ሥርዓቱ 10ሩንም ያዘ፤ ከጤነኞቹ ግን ከ1,000 አንዱን በስህተት ጠረጠረ። ውጤቱ ወደ 1,010 ማንቂያ ሲሆን እውነተኛው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። መሣሪያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ጥቃት ከጤናማ ፍሰት አንጻር ብርቅ ስለሆነ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማንቂያዎቹን በደንብ ቁጥር ሰብስበው ከብዙ ወደ ጥቂት ይደርድሩ። ከላይ ያሉት ጥቂት ደንቦች ብዙውን ጊዜ የጎርፉን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ። እያንዳንዱን በተራ ያንሱና በመጀመሪያ የሆነው ነገር በእርግጥ ደንቡ የሚለው መሆኑን ያጣሩ። ከሆነ፣ መነሻውን ማስተካከል ይቻላል? አንድ ያረጀ ሶፍትዌር የይለፍ ቃል ሳይመሰጥር ስለሚልክ የሚነሳ ማንቂያ ሐሰት አይደለም፤ መዳን ያለበት ሶፍትዌሩ ነው፤ ማንቂያውን ማፈን በሽታውን ትቶ ቴርሞሜትሩን እንደ መስበር ይሆናል። ደንቡ ተሳስቶ ከሆነ ለዚያ ማሽን ብቻ ያፍኑት። የድርጅቱ የክፍተት መፈተሻ ሰርቨር የሚያስነሳውን የቅኝት ማንቂያ ለዚያ አድራሻ ብቻ ሲያፍኑ ሌላ ማሽን ቅኝት ቢጀምር ማንቂያው ይደርስዎታል። ደንቡን በሙሉ ቢያጠፉት ግን አይደርስዎትም። እየተደጋገመ የሚመጣ ትክክለኛ ማንቂያን ደግሞ ከአንድ አድራሻ በሰዓት አንዴ ብቻ እንዲመጣ መገደብ ይቻላል።

ያፈኑትን ሁሉ ከምክንያቱ፣ ከቀኑና ካፈነው ሰው ስም ጋር ይመዝግቡ። በየስድስት ወሩ ዝርዝሩን ያንብቡ፤ ከሥራ የወጡ ሰርቨሮች፣ የተቀየሩ አድራሻዎች ይኖራሉ። ከሥራ ለወጣ ሰርቨር የተሰጠ ማፈኛ አድራሻውን ለወረሰው አዲስ ማሽን ከለላ እየሰጠ ሊቆይ ይችላል።

የራስዎን ደንብ መጻፍ

የተገዛ ወይም የወረደ ደንብ ዓለም የሚያውቀውን ጥቃት ያውቃል፤ የእርስዎን ኔትወርክ ግን አያውቅም። መጀመሪያ ላይ በወረቀት ያሰፈሩት ዝርዝር የሚፈለገው አሁን ነው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ። በደንብ በተያዘ ኔትወርክ ውስጥ ኮምፒውተሮች የድረ ገጽ ስም ወደ አድራሻ እንዲተረጎምላቸው የሚጠይቁት የውስጡን የስም ሰርቨር ነው፤ ወደ ውጭ የሚጠይቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ማንኛውም ማሽን በፖርት 53 ወደ ውጭ ከወጣ ወይ ቅንብሩ ተሳስቷል ወይ አንድ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር የራሱን መንገድ ይዟል። ደንቡ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፋል፦ እርምጃው ማንቂያ፤ ፕሮቶኮሉ ዩዲፒ (አስቀድሞ ግንኙነት ሳይመሠርት የሚልክ)፤ መነሻው የቤት ኔትወርክ ሲሆን የስም ሰርቨሩ አድራሻ ተቀንሶ፤ የመነሻ ፖርት ማንኛውም፤ አቅጣጫው ወደ ቀኝ፤ መድረሻው የውጭ ኔትወርክ፤ የመድረሻ ፖርት 53። በቅንፍ ውስጥ መልእክቱ፣ መለያ ቁጥሩና የእትም ቁጥሩ ይገባሉ። ለራስዎ ደንቦች ከ1000000 እስከ 1999999 ያሉትን ቁጥሮች ይጠቀሙ፤ ከሚወርዱት ጋር አይጋጩም። መጀመሪያ ግንኙነት መሥርቶ ለሚልከው ለቲሲፒም አንድ ሌላ ይጻፉ። ይህ ደንብ በተመሰጠረ ድረ ገጽ ውስጥ ተደብቆ የሚሄድን የስም ጥያቄ አይዝም፤ እሱ በፖርት 443 ስለሚያልፍ የታወቁ የዚህ አገልግሎት ሰጪዎችን አድራሻ በፋየርዎል መዝጋት ይሻላል።

ሌላው አጥብቄ የምመክረው የማጥመጃ አድራሻ ነው። በሰርቨሮቹ ክፍል ውስጥ አንድ አነስተኛ ማሽን ያስቀምጡ፤ ለማንም አገልግሎት አይስጥ፤ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አይመዝገብ። ወደ እሱ ለሚደረግ ማንኛውም ግንኙነት ማንቂያ የሚሰጥ ደንብ ይጻፉ። የክፍተት መፈተሻውንና የንብረት ቆጣሪ ሶፍትዌሩን ከቀነሱ በኋላ እሱን የሚነካ ሰው በጭለማ እየዳሰሰ የሚዞር ብቻ ነው። ከዚህ ያነሰ ወጪና ከዚህ የጠራ ማንቂያ የሚሰጥ ዘዴ አላውቅም።

ፍሰቱ ሲመሰጠር

ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ ፍሰት የተመሰጠረ ስለሆነ ዳሳሹ ይዘቱን አያነብም። የሚቀረው ግን ጥቂት አይደለም። ማን ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በስንት ባይት እንደተገናኘ ይታያል፤ በአብዛኛው የሚጎበኘው ድረ ገጽ ስምም በግንኙነቱ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይነበባል። ትዕዛዝ የሚጠብቅ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በተወሰነ ልዩነት ወደ ጌታው ይደውላል፤ ሰው ድረ ገጽ ሲጎበኝ እንዲህ ዓይነት መደበኛነት የለውም። ምስጠራውን መሐል ላይ የሚፈታ መሣሪያ መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን የሠራተኞችን የባንክና የሕክምና ግንኙነት ሁሉ በአንድ ማሽን ላይ ገልጦ ማስቀመጥ ራሱ ትልቅ አደጋ ነው። ለአነስተኛ ኔትወርክ በኮምፒውተሮቹ ላይ የሚሠራ ጥበቃን ማጠናከር የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ ሠራተኞች ኔትወርኩ ክትትል እንደሚደረግበት በጽሑፍ ይወቁ።

ማንቂያ ሲመጣ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ማንቂያው ከታወቀ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር ጋር የተያያዘ ስም መጠየቁን ይናገራል፤ መነሻው 192.168.10.5 ነው። ለመደናገጥና ያንን ማሽን ለመንቀል ከመሮጥዎ በፊት ዝርዝርዎን ይመልከቱ። 192.168.10.5 የስም ሰርቨሩ ነው፤ ጥያቄውን ያስተላለፈው ለሌላ ማሽን ነው። ወደ ስም ሰርቨሩ መዝገብ ይሂዱና በዚያች ደቂቃ ያንን ስም የጠየቀውን ይፈልጉ፤ 192.168.30.17 ሆኖ ያገኙታል። ይህ አድራሻ በዚያ ሰዓት የማን እንደነበረ የአድራሻ አዳዩ ሰርቨር መዝገብ ይነግርዎታል። አሁን በዚክ መዝገብ የዚያን ማሽን የቀኑን ግንኙነት ያውጡ። ወደ አንድ የውጭ አድራሻ በየአምስት ደቂቃው፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ትንሽ መረጃ እየተላከ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይቀርባል።

ማሽኑን አያጥፉት። በማህደረ ትውስታው ውስጥ ያለው ማስረጃ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የተገናኘበትን የስዊች ፖርት ከሌላው ወደ ተለየ ክፍል ያዛውሩ። ከዚያ ያንኑ የውጭ አድራሻ የጎበኙ ሌሎች ማሽኖች መኖራቸውን ይፈልጉ፤ ይህን መዝለል አንዱን አድኖ ሦስቱን መተው ነው። በማሽኑ ላይ ገብተው የነበሩ ተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል ንጹሕ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ይቀይሩ። ይህ ቅደም ተከተል፣ ሌሊት የሚደወልለት ሰው ስልክ እና ሰርቨርን ከመስመር የማውጣት ሥልጣን የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ አስቀድሞ ይጽደቅ።

ወደ መከላከል መሸጋገር

ጫጫታው ከቀነሰና ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ወር ካለፈ በኋላ ማገድ ይጀምሩ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አያግዱ። ሦስት መስፈርት ይጠቀሙ፦ ደንቡ በእርስዎ ኔትወርክ ላይ በስህተት ተነስቶ አያውቅም፤ ጥቃቱ ከተሳካ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ የሚጠቃው ሶፍትዌር በእርግጥ በእርስዎ ዘንድ አለ። መስፈርቱን የሚያሟሉ ጥቂት ደንቦችን ወደ መጣል ይቀይሩ፤ ሌሎቹ ማንቂያ እንደ ሰጡ ይቆዩ።

የማገድ ዋናው ጥቅም ጊዜ መግዛት ነው። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ የፋይል መጋራት ፕሮቶኮል ላይ የነበረውን ክፍተት የሚደፍን ማስተካከያ በመጋቢት 2017 አወጣ፤ ዋናክራይ የተባለው ትል (ራሱን ከማሽን ወደ ማሽን የሚያዛምት ተንኮል አዘል ሶፍትዌር) በዚያው ክፍተት በግንቦት 2017 ዓለምን አዳረሰ። በሁለቱ መካከል ማሽኖቻቸውን ማዘመን ላልቻሉ ድርጅቶች የዚያን ጥቃት ፊርማ በውስጥ መስመሮቻቸው ላይ ማገድ ትልቅ ልዩነት የሚፈጥር እርምጃ ነበር። ማዘመንን ግን አይተካም።

መከላከያው በመስመሩ መሐል ስለሚቀመጥ ማሽኑ ቢበላሽ ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ። ፍሰቱ ሳይመረመር እንዲያልፍ የሚያደርግ ማለፊያ ያለው የኔትወርክ ካርድ አለ፤ በአንጻሩ ፍሰቱ እንዲቆም ማድረግም ይቻላል። ለአብዛኛው ቢሮ ማለፉ ይሻላል፤ እጅግ ምስጢራዊ መረጃ ላለበት ክፍል መቆሙ ይመረጣል። ውሳኔው የቴክኒክ ብቻ ስላልሆነ ከሥራ ኃላፊዎች ጋር ይደረግ።

ማንቂያ ያስነሳን አድራሻ በራሱ ጊዜ ለሰዓታት የሚዘጋ ሥርዓት ሲያበሩ በተለይ ይጠንቀቁ። በዩዲፒ በሚላክ ፓኬት ላይ አጥቂ የላኪውን አድራሻ በቀላሉ አስመስሎ ሊጽፍ ይችላል። አጥቂው የስም ሰርቨርዎን ወይም የኢንተርኔት መውጫዎን አድራሻ አስመስሎ ጥቃት የሚመስል ነገር ቢልክ ኔትወርክዎን የሚዘጋው የራስዎ መከላከያ ይሆናል። ስለዚህ ዋና ዋና ሰርቨሮች፣ ራውተሮችና የአጋር ድርጅቶች አድራሻዎች ፈጽሞ በማይዘጉት ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፤ ራስ ሰር መዝጋትም ግንኙነታቸው ሙሉ በሙሉ በተመሠረተ የቲሲፒ ጥቃቶች ላይ ብቻ ይሁን። የመጀመሪያውን ማገድ በሥራ ሰዓት፣ ባለሙያው በቦታው ባለበት ያብሩ፤ በአንድ ትዕዛዝ ወደ መከታተል የሚመለሱበትን መንገድም አስቀድመው ይሞክሩ።

ሥርዓቱን በሕይወት ማቆየት

ሰርጎ ገብ መጀመሪያ ሊያጠፋ የሚፈልገው የሚያየውን ዓይን ነው። ዳሳሹን የሚያስተዳድሩት ከአስተዳደር ኔትወርኩ ብቻ ይሁን፤ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር አይጋራ፤ መዝገቡም በየቅጽበቱ ወደ ሌላ ማሽን ይላክ። ሰርጎ ገብነት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚታወቅ የዚክ መዝገቦችን ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ቢቻል ለዓመት ያቆዩ፤ ሲጨመቁ ብዙ ቦታ አይወስዱም።

በየጠዋቱ ማንቂያዎቹን የሚያነብ ሰው በስም ይመደብ፤ ፈቃድ ሲወጣ የሚተካውም እንዲሁ። ምንም ማንቂያ የሌለበት ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዳሳሹ ነው፤ የፍሰት ቆጣሪውን ይመልከቱ። በወር አንዴ በደንብ 2100498 ያደረጉትን ፈተና ይድገሙ፤ የማጥመጃውን አድራሻም ይንኩና ማንቂያው እስከ ተረኛው ስልክ መድረሱን ያረጋግጡ። ስዊች በተቀየረ፣ አዲስ ንዑስ ኔትወርክ በተከፈተ ወይም ሰርቨር በተዛወረ ቁጥር ይኸው ፈተና በዚያው ቀን ይካሄድ፤ በአዲሱ ስዊች ላይ የመስታወት ፖርቱን መልሶ ማቀናበር በቀላሉ ይረሳልና።